የግኑፕሎት ትዕግሥት፦ "ፖዝ" የተባለው ትዕዛዝ

ግኑፕሎት ቀመሮችንና የቁጥር መረጃዎችን ወደ ግራፍ የሚለውጥ፣ ቶማስ ዊሊያምስና ኮሊን ኬሊ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጡት ፕሮግራም ሲሆን፣ ስሙ ቢያሳስትም ግኑ ከተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት የተወለደ አይደለም። ትዕዛዞቹ በስክሪፕት፣ ማለትም በተርታ በተጻፉበት ፋይል፣ ሲቀርቡለት ሁሉንም በቅጽበት ፈጽሞ ስለሚዘጋ፣ ግራፉ ታይቶ ሳይጠገብ ከስክሪኑ ሊጠፋ ይችላል። ይህን ከሚያስቀሩት መንገዶች አንዱ "ፖዝ" የተባለው፣ ተገቢውን ምስጋና ያላገኘ ትዕዛዝ ነው።

ከትዕዛዙ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ ፕሮግራሙ ያን ያህል ሰከንድ ይቆያል፤ ዜሮ ከሆነ ጨርሶ አይቆምም። ብዙዎች የሚሳሳቱት በ-1 ላይ ነው። ይህን ቁጥር "ማንኛውም ቁልፍ እስኪነካ ጠብቅ" ብለው ይተረጉሙታል፤ አልፈውም "ለመቀጠል ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ" የሚል መልእክት ያያይዙበታል። ተመልካቹም የታዘዘውን አምኖ፣ ግራፉ ባለበት መስኮት ላይ ቁልፎችን ደጋግሞ ይጫናል፤ ምላሽ ሲያጣም ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስለዋል። ጥፋቱ ግን የፕሮግራሙ ሳይሆን መልእክቱን በግዴለሽነት የጻፈው ሰው ነው። በሊኑክስና በመሰል ሥርዓቶች -1 የሚጠብቀው ኢንተርን ብቻ፣ ያውም ትዕዛዝ በሚጻፍበት ተርሚናል ላይ ነው፤ ተርሚናሉ የተጻፈውን አጠራቅሞ የሚያስረክበው መስመሩ በኢንተር ሲዘጋ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተነኩት ፊደላት ለፕሮግራሙ አይደርሱትም።

በግራፉ መስኮት ላይ ቁልፍ እንዲጠበቅ የሚፈልግ ሰው ሌላ ትዕዛዝ አለለት፤ እርሱም "ፖዝ ማውስ ኪይፕሬስ" ይባላል። ይህኛው መጠበቅ ብቻ ሳይሆን የተነካውንም ያስታውሳል፦ የቁልፉን የአስኪ ኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደልና ምልክት የተሰጠውን ቁጥር፣ "ማውስ ኪይ" በተባለ ተለዋዋጭ ውስጥ ያኖራል። በዚህም አንድ ቁልፍ ወደሚቀጥለው ግራፍ እንዲያሻግር፣ ሌላው ሥራውን እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል፤ ትንሹ ኤ 97፣ ትልቁ ኤ ደግሞ 65 መሆኑን የዘነጋ ስክሪፕት ግን ትክክለኛውን ቁልፍ ተነክቶም አያውቀውም። ማውስ በማይሠራበት ሁኔታ ይኸው ትዕዛዝ ራሱ እንደ -1 ሆኖ ኢንተርን ይጠብቃል።

ስለዚህ -1ን የሚጠቀም ሁሉ መልእክቱን "ተርሚናሉ ላይ ኢንተር ይጫኑ" ብሎ ይጻፍ።