ተማሪዎች በቡድን አጭር ፊልም ሲሠሩ ምን ይማራሉ?

በየትምህርት ቤቱ በሚገኙ የሚኒ ሚዲያና የሥነ ጥበብ ክበባት ተማሪዎች በእጅ ስልክ ጭምር አጭር ፊልም መሥራት ይችላሉ። ይሁንና ሥራው የጥናት ጊዜን የሚሻማ ጨዋታ እንዳይሆን የሚሠጉ ወላጆች አሉ። ይህ ጽሑፍ ተማሪዎች ከሥራው የሚቀስሙትን ትምህርትና ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

ሐሳብን መርጦ መግለጽ

ፊልም ከመቀረጹ በፊት ይጻፋል። በተለመደው አሠራር አንድ ገጽ ጽሑፍ በግምት የአንድ ደቂቃ ፊልም ይወጣዋል። በመሆኑም የ3 ደቂቃ ፊልም የሚሠራ ቡድን ሐሳቡን በ3 ገጽ ገደማ መወሰን ይኖርበታል። «ልጅቷ ተጨንቃለች» ብሎ መጻፍ ለድርሰት ሊበቃ ይችላል፤ ካሜራ ግን ጭንቀትን አያይም። ተማሪዎቹ ሳትነካው የቀዘቀዘውን ምሳዋን ወይም ደጋግማ የምትመለከተውን በር ማሰብ ይጠበቅባቸዋል።

ኃላፊነትን መወጣት

በጽሑፍ የቡድን ሥራ አንድ ጎበዝ ተማሪ ሁሉንም ሠርቶ የአምስት ጓደኞቹን ስም ሊያሰፍር ይችላል። በፊልም ሥራ ግን ይህ አይሳካም። ተዋናዩ ከቀረ ቀረጻው ይቆማል፤ በማግስቱ ሌላ ልብስ ለብሶ ከመጣ የትናንቱ ምስል ከዛሬው ጋር አይገጥምም። ድምፅ የሚከታተለው ተማሪ የነፋሱን ጩኸት ልብ ካላለ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። አንዱ የሌላው ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው የሚረዳው በዚህ ጊዜ ነው።

ትችትን መቀበል

ከፍተኛው ትምህርት የሚገኘው በቅንብር ወቅት ነው። ሁለት ሰዓት የፈጀ ቀረጻ ታሪኩን ካላገዘ ተቆርጦ ይወጣል፤ የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይቆይ በሚለው ላይም ክርክር ይነሳል። ቡድኑ ያልተጠናቀቀውን ፊልም ታሪኩን ለማያውቅ ተማሪ ቢያሳይ የበለጠ ይጠቀማል። ተመልካቹ ካልገባው ጉድለቱ የፊልሙ እንጂ የተመልካቹ እንዳልሆነ መቀበል ለማንኛውም ሙያ የሚበጅ ልማድ ነው።

የመምህራን ድርሻ

ክትትል ከሌለ ካሜራውን ሁልጊዜ የሚይዙት ጥቂቶች ይሆናሉ፤ ሌሎች ዕቃ ተሸካሚ ሆነው ይቀራሉ። ስለሆነም መምህራን የሥራ ድርሻው በየተራ እንዲቀያየር ማድረግ፣ ውጤትም ሲሰጡ የፊልሙን ውበት ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ተማሪ ዕቅድና ተሳትፎ መመዘን ይገባቸዋል።

መብትን ማክበር

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የአንድ ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። በመሆኑም ቡድኑ የሚቀረጹ ሰዎችን አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት፤ 18 ዓመት ላልሞላቸው ተማሪዎች የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስምምነት ሊጠየቅ ይገባል። የሌላ ሰው ሙዚቃ የገባበትን ፊልም ለሕዝብ ከማሰራጨት በፊትም የባለመብቱን ፈቃድ ማግኘት ተገቢ ነው፤ የሙዚቃ ሥራ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነውና። ተማሪዎች ራሳቸው የሚያዜሙት ወይም የሚጫወቱት አዲስ ዜማ ይህን ችግር ያስቀራል።

ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎችና ወላጆች በቅድሚያ የትምህርት ቤታቸውን የክበብ ተጠሪ መምህር ማነጋገር ይችላሉ። ወላጆች ልጃቸውን ስለ ፊልሙ ሲጠይቁ «አንተ የሠራኸው የቱን ነው?» ወይም «አንቺ የሠራሽው የቱን ነው?» ብለው ቢጀምሩ፣ ልጁ ወይም ልጅቷ የተማሩትን ከመልሱ ይረዳሉ።