ያውቁ ኖሯል? የልጅዎ ቀጣይ ልብ ወለድ ከኮሎምበስ
(ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

ልጆችን እያስፈራራ ማንበብ ያስለመደው የ«ጉዝበምፕስ» ደራሲ አር. ኤል. ስታይን የኮሎምበስ ልጅ መሆኑን? በ1943 እዚሁ ተወልዶ ቤክስሊ አደገ፤ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ተማረ። የመጀመሪያው «ጉዝበምፕስ» የወጣው በ1992 ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ደግሞም ልብ አንጠልጥለው ስለሚያቆሙ፣ «አንዷን ብቻ ልጨርስ» ያለ ልጅ ሦስት ምዕራፍ ይዘልቃል። ተራ ነገር ነው ብለው አይከልክሉት። ማንበብ የሚለመደው በማንበብ ነው።

ጃክሊን ዉድሰንም በ1963 የተወለደችው ኮሎምበስ መሆኑን? የልጅነት ትዝታዋን በግጥም የጻፈችበት «ብራውን ገርል ድሪሚንግ» በ2014 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ገጹ ባዶ ቦታ የበዛበት፣ ስንኙ አጭር ስለሆነ ወፍራም መጽሐፍ ሲያይ የሚሸሽ ልጅ ሳይታወቀው ብዙ ይገፋል።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚጠቀስ አንድ ሐሳብ ከዚሁ ከተማ ምሁር መምጣቱንስ? የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መጽሐፍ ለልጅ መስኮትም መስታወትም ሊሆን እንደሚገባ አስረዱ። በመስኮቱ የሌላውን ሰው ኑሮ ያያል፣ በመስታወቱ ራሱን። ያነሱት ጉዳይ ከባድ ነው፤ ራሱን በመጽሐፍ የማያገኝ ልጅ ዋጋ እንደሌለው ይማራል፣ ሁልጊዜ ራሱን ብቻ የሚያይ ልጅ ደግሞ ዓለም በእሱ ዙሪያ የምትዞር ይመስለዋል። እዚህ ለሚያድጉ የእኛ ልጆች መስኮቱ ሞልቷል። መስታወቱን ግን እኛ ወላጆች መፈለግ አለብን።

መስታወቱ መኖሩንስ? ማጂ ያደገችው ጄን ከርትዝ በ1998 ያሳተመችው «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን የሚሰደዱ የሁለት ልጃገረዶች ታሪክ ነው፤ አንዷ ቅማንት፣ ሌላዋ ቤተ እስራኤል። የኤልዛቤት ሌርድ «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» (2003) ደግሞ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ስለወጡ ልጆች ይተርካል። ሁለቱም ሐዘን አለባቸው፤ አብረው ቢያነቡ፣ ማታም ልጅዎ ያነበበውን በአማርኛ ቢያወራልዎት ይመረጣል።

«ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ንባብ አይባልም» የሚሉ ወላጆች አሉ። በ2020 ታላቁን የኒውቤሪ ሽልማት የወሰደው የጄሪ ክራፍት «ኒው ኪድ» ግን ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የተተረከ ነው!

የኮሎምበስ ሜትሮፖሊታን ቤተ መጻሕፍት ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ መጽሐፍ ላዘገየ ሰው ቅጣት እንደማያስከፍልስ? ስለዚህ ልጁ ደፍሮ አንድ ዕቅፍ ይውሰድ፣ ያልጣመውን ከሃያ ገጽ በኋላ ይተው። መደርደሪያው አጠገብ የሚሠራ ቀላል መላም አለ፤ ከመሐል አንድ ገጽ ገልጦ ሲያነብ ላላወቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ይጠፍ። አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ለጊዜው ይከብደዋል ማለት ነው። ታሪኩ ካጓጓው ግን አይንጠቁት፤ ተራ በተራ እየተቀባበሉ ያንብቡለት።

የኦሃዮዋ ማርጋሬት ፒተርሰን ሃዲክስ በ1998 «አመንግ ዘ ሂደን»ን ማውጣቷንስ? ሦስተኛ ልጅ መውለድ በተከለከለበት አገር ተደብቆ ስለሚኖር ልጅ ነው። ከአምስተኛ ክፍል በላይ ላሉት ይስማማል፤ ከወደዱት ተከታዮቹ ስድስት መጻሕፍት አሉላቸው።