ሳይታዘዝ የሚነፋ ጥሩምባ

የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰፈርተኛው ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ነፊው እንዲያው ደስ ስላለው አይነፋም፤ መርዶ ሲኖር ታዝዞ ነው። በደማችን ውስጥ ያሉት ቢ ሴሎችም እንዲህ ባለ ሥርዓት ይተዳደራሉ። ቢ ሴል ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርት ነጭ የደም ሴል ነው። ሽፋኑ ላይ ሲዲ 40 የሚባል ፕሮቲን ተተክሎ ጥሪ ይጠብቃል። ቲ ሴል የተባለው አጋሩ መጥቶ ሲነካው መልእክቱ ወደ ውስጥ ያልፋል፣ ሴሉም ለመባዛት ይነሣሣል። አጋሩ ሲለየው ጥሪው ጋብ ይላል።

ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ፕሮቲን ይህን ሥርዓት ያፈርሳል። ስሙ ኤልኤምፒ 1 ነው፤ ምንጩም የኤፕስታይን-ባር ቫይረስ።

ቫይረሱ የታወቀው በአፍሪካ ሕፃናት ሕመም በኩል ነው። በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ የሕፃናትን መንጋጋ ስለሚያሳብጥ ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1958 ጻፉ። በ1961 ለንደን ላይ ስለዚሁ ሲናገሩ ካዳመጧቸው አንዱ አንቶኒ ኤፕስታይን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የዕጢው ናሙና በአውሮፕላን ይላክላቸው ጀመር። አንድ ጊዜ አውሮፕላኑ በጭጋግ የተነሣ ማንችስተር አርፎ ናሙናው ዘገየ፤ ሲደርስም ፈሳሹ ደፍርሶ ነበር። ባክቴሪያ ገብቶበታል ተብሎ ሊደፋ ይችል ነበር። ኤፕስታይን ግን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ያደፈረሰው ከዕጢው ተላቀው የሚንሳፈፉ ሕያዋን ሴሎች ሆነው ተገኙ። እነዚያን የመሰሉ ሴሎች በብልቃጥ አሳድገው፣ በ1964 ከበርት አቾንግና ከኢቮን ባር ጋር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩትን ቫይረስ ለዓለም አሳወቁ። ያ ብልቃጥ ሳይደፋ መቅረቱን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ጤነኛ ቢ ሴል ከሰውነት ወጥቶ ብልቃጥ ውስጥ ብቻውን ቢቀመጥ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ይህ ቫይረስ ሲጨመርበት ግን ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ይባዛል፤ ሴሎቹ ተጣብቀው ጓል ጓል ይሠራሉ። መጀመሪያ ኢብና 2 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ኒውክለስ ገብቶ ጂኖችን ይቀሰቅሳል፤ ከሚቀሰቅሳቸው አንዱ የኤልኤምፒ 1 ጂን ነው። ኤልኤምፒ 1 የሴሉን ሽፋን 6 ጊዜ እየበሳ ያቋርጣል። ማንም መጥቶ እንዲነካው አይጠብቅም፤ ቅጂዎቹ በራሳቸው ይሰባሰባሉ። ሲዲ 40 በቲ ሴል ሲነካ የሚሰባሰበውም እንደዚሁ ነው። ወደ ውስጥ የተዘረጋው ረጅም ጅራቱ ትራፍ የሚባሉትን የሴሉን መልእክተኞች ይይዛል። መልእክቱ የሚደርሰው ኤንኤፍ ካፓ ቢ ዘንድ ነው። ይህ ፕሮቲን በደህናው ጊዜ በሌላ ፕሮቲን ታስሮ ከኒውክለስ ውጭ ይቆያል። ማሰሪያው ሲፈርስ ወደ ኒውክለስ ይገባና ሴሉን ከሞት የሚያተርፉትንና የሚያባዙትን ጂኖች ያስነሣል። ጥሩምባው ተነፋ፤ የሞተ ግን የለም።

እኔን የሚደንቀኝ ቫይረሱ አዲስ መንገድ አለመጥረጉ ነው፤ የሚሄደው ሴሉ ለራሱ ባበጀው መንገድ ነው። ተመራማሪዎች ኤንኤፍ ካፓ ቢን ሲያግዱ እነዚያ የማይደክሙ የሚመስሉ ሴሎች ራሳቸውን አጠፉ። ኤልኤምፒ 1 ከልክ ሲያልፍም ሴሉ መባዛቱን ይገታል፤ ስለዚህ መጠኑ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት።

ከዓለም አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ ይህን ቫይረስ ይዘው ይኖራሉ፤ የሚተላለፈው በአብዛኛው በምራቅ ነው። የማንታመመው ቲ ሴሎቻችን የተለወጡትን ቢ ሴሎች እያደኑ ስለሚገድሉ፣ ቫይረሱም በቀሩት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚያደፍጥ ነው። የሌላ ሰው ኩላሊት ወይም ልብ የተተከለለት ሰው ግን የመከላከል አቅሙን የሚያዳክም መድኃኒት ስለሚወስድ፣ እነዚህ ሴሎች ወደ ዕጢ ሊያድጉበት ይችላሉ። ሐኪሞች ያን ጊዜ መጀመሪያ ከሚያደርጉት አንዱ የመድኃኒቱን መጠን መቀነስ ነው።

በርኪት ያዩት ዕጢ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ኤልኤምፒ 1 አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሏል፤ ሴሉን የሚነዳው ሚክ የሚባል፣ ከክሮሞዞም 8 ተቆርጦ ብዙ ጊዜ ከክሮሞዞም 14 ጋር የተጣበቀ ጂን ነው። ተደጋጋሚ ወባም ለዚህ ዕጢ መንገድ ይጠርጋል። ዕድገቱ እጅግ ፈጣን ስለሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ያም ሆኖ በመድኃኒት ከሚድኑ ካንሰሮች አንዱ ነው። የልጃችሁ መንጋጋ በድንገት ካበጠ የጥርስ ሕመም ነው ብላችሁ ሳምንታት አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።