መስከረም ላይ የተመዘገበው ልጅ ኅዳር ላይ የት አለ?

የመስቀል ሰሞን በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ዙሪያም ሆነ በአምባሰል ውጫሌ አካባቢ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ይሞላል። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ የመጣው፣ የታላቁን እጅ ያልለቀቀው፣ አባቱ «ዕድሜው ደርሷል» ብሎ ያቀረበው ልጅ ሁሉ ስሙ ይጻፋል። ርዕሰ መምህሩ ድምሩን ለወረዳ ይልካል፤ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ያስተላልፋል። ስለ ትምህርት ሽፋን በየዓመቱ የምንሰማው አኃዝ የሚነሣው ከዚህ ነው። ኅዳር ላይ ያው መምህር ስም ሲጠራ ግን «አቤት» የሚለው ድምፅ ይሳሳል፤ በስም መጥሪያው ላይ የቀሪ ምልክት ይበዛል። ያን ምልክት ደምሮ የሚጠይቅ አለቃ ግን ብዙ አይገኝም። ያለፉትን ዓመታት ወደ ኋላ ስመለከት የሚቆጨኝ ይኸው ነው፤ የተመዘገበውን ልጅ ስንቆጥር ኖረን፣ የተማረበትን ቀን አልቆጠርንም።

አካባቢው ለትምህርት ባይተዋር ሆኖ አያውቅም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ማዕከል ሲያደርጉት ተማሪ ከሩቅ አገር ይመጣ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነዚያ አንዱ ናቸው። በወሎ መስጊዶችና መድረሳዎችም ደረሳው ኪታቡን ይዞ ከሸኽ ወደ ሸኽ እየተዘዋወረ ሲቀራ ኖሯል። ሁለቱ የሚገናኙበት ነገር አለ። አኩፋዳውን አንግቶ ደጅ ለሚቆመው የቆሎ ተማሪ ቁራሽ የምትሰጠው እናትም፣ ለደረሳው ምግብ የሚያወጣው ጎረቤትም የትምህርቱን ሸክም ይካፈሉ ነበር። ተማሪ መብላት እንዳለበት፣ እሱን ማብላትም የመንደሩ ድርሻ እንደሆነ የሚጠራጠር አልነበረም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ልጁን ተቀበለ፤ የልጁን ሆድ ጉዳይ ግን ለቤተሰቡ ተወው። ዛሬ የምናየው የቀሪነት ታሪክ ግማሹ ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

በንጉሡ ዘመን ለአምባሰል ልጅ ከፍ ያለ ትምህርት ማለት ደሴ ሄዶ፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ስንቅ ከቤት እያስመጣ መማር ነበር። ይህን የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲመታ፣ የ1977ቱም ሲደገም፣ ስለ ማርፈድና ስለ መቅረት ማውራት ትርጉም አልነበረውም፤ መንደሩ ራሱ ተበትኗል፣ ብዙው ሰው በሰፈራ ርቆ ተወስዷል። በሁለቱ ረሃቦች መካከል አንድ መልካም ነገር ሆኗል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ገበሬና ብዙ እናት ፊደል እንዲቆጥሩ አድርጓል። ያኔ ስሟን መጻፍ የቻለች ሴት ኋላ ልጇን በጠዋት ቀስቅሳ የምትልክ እናት ሆናለች። የዘመቻው ትልቁ ፍሬ ይህ ይመስለኛል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ በአንደኛ ደረጃ የሚማሩት ከ3 ሚሊዮን በታች ነበሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ደረሱ። በደቡብ ወሎም ገበሬው ድንጋይ ተሸክሞ፣ እንጨት ቆርጦ፣ ጭቃ ረግጦ ክፍሎችን ሠርቷል። ቀድሞ ሁለት ሰዓት ያስኬድ የነበረው መንገድ ለብዙ ልጅ አጠረ። ይህን ድካም አሳንሶ ማየት ነውር ነው። ክፍሉ ሲሞላ ፈረቃ መጣ፤ ጠዋት ግማሹ፣ ከሰዓት ግማሹ። የልጁ ቀድሞውንም አጭር የነበረው የትምህርት ቀን ጭራሽ ግማሽ ሆነ፤ ከዚያ ላይ የሚቀርባት እያንዳንዷ ቀን የበለጠ ውድ ሆነች።

የዚህ ዋጋ በ2002 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት በስምንት ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ብዙ ሰው ጣቱን ወደ መምህሩ ቀሰረ፤ መጽሐፍ የለም፣ ሥልጠና የለም ተባለ። እውነትነት አለው። ነገር ግን የመምህሩን ሰሌዳ ጠጋ ብለን እንይ። የአማርኛ ፊደል 33 ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ቤት 7 ድምፅ አለው፤ ድምሩ 231 ነው። የአንደኛ ክፍል መምህር ቤቱን ተራ በተራ እያስያዘ፣ ከያዙት ፊደል ቃል እያሠራ ይሄዳል። ልጁ ሁለት ሳምንት ከቀረ በዚያ መሀል የታለፉት ቤቶች ከነድምፃቸው አመለጡት ማለት ነው። ሲመለስ በሰሌዳው ላይ ያለው ቃል ግማሹ የሚያውቀው፣ ግማሹ እንግዳ ነው። ጓደኛው ሲያነብ እሱ ይገምታል። መምህሩ ስድሳ ሰባ ልጅ ይዞ ለእሱ ብቻ ወደ ኋላ ሊመለስ አይችልም። ልጁ ወደ ኋላ ወንበር ይሸሻል፣ ማፈር ይጀምራል፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ «ከብት ልጠብቅ» የሚለው እሱ ራሱ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ መጻሕፍት ከየክፍሉ ከፍተኛውን የማቋረጥ መጠን በአንደኛ ክፍል ላይ ሲያሳዩ የኖሩት በከንቱ አይደለም።

ለምን ይቀራል? በቆላውና በወይና ደጋው በኩል ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ይወርዳል። ልጁ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን እያስጮኸ ይጠብቃል። ወፉ የሚበረታው ማለዳና ወደ ማታ ነው፤ ማለዳው ከጠዋት ፈረቃ ጋር፣ ማታውም ከከሰዓቱ ፈረቃ ጋር ይጋጫል። ከዚያ አጨዳ ይመጣል፣ ከአጨዳ በኋላ ውቂያ። በደጋው የበልግ እርሻ አለ፤ የበልጉ ሥራ ደግሞ የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ይሻማል። አባትየው ሰነፍ ወይም የትምህርት ጠላት ሆኖ አይደለም። የዓመቱን እህል ለወፍ ጥሎ ልጁን እንዲልክ ስንጠይቀው፣ ረሃብን ሁለቴ ያየ ቤተሰብን እየጠየቅን እንደሆነ ማወቅ አለብን።

እዚህ ላይ የማርፈድ ነገር ይነሣል። ማለዳ ወፍ ጠብቆ፣ ከዚያ ሮጦ የመጣ ልጅ የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ካለቀ በኋላ በር ላይ ይደርሳል። በሩ ተዘግቷል። በአንዳንድ ቦታ ይንበረከካል፣ በአንዳንዱም ይመለሳል። ሥርዓት ማስያዝ እንደሚያስፈልግ አልክድም፤ በሰዓት መድረስ የሚማሩት ነገር ነው። ነገር ግን በር የተዘጋበት ልጅ በማግስቱ ቀድሞ አይመጣም፤ ጨርሶ ይቀራል እንጂ። ያረፈደው ተመዝግቦ ወደ ክፍል ይግባ፤ ምክንያቱን በዕረፍት ሰዓት መጠየቅ ይቻላል። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም። የርዕሰ መምህሩ አንድ ቃል ይበቃል።

የሴት ልጅ መቅረት ሌላ መልክ አለው። ውኃ መቅዳት፣ ታናሽ መያዝ፣ እናት ገበያ ስትወጣ ቤት መጠበቅ በቀን በቀን የሚከማች ነው። እሷ ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ሙሉ አትቀርም፤ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ቀን ትቀራለች፣ ስለዚህም ማንም ልብ አይላትም። ክፍል ከፍ ሲል የጋብቻው ጥያቄ ይመጣል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ቢያደርግም ልማዱ ወዲያው አልቀረም። ከዚያ የዓረብ አገር መንገድ አለ። ከደቡብ ወሎ ስንት ልጃገረድ ወደ ሳዑዲ እንደሄደች የማያውቅ መንደር የለም፤ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ሐዘኑ በየቤቱ ገብቷል። ለውጭ አገር ሥራ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ስምንተኛ ክፍልን መጨረስ ግዴታ ሲያደርግ ቢያንስ ትምህርትና መንገዱ ተያይዘው ነበር። ሆኖም ስድስተኛ ክፍል ላይ ያለች ልጅ አእምሮዋ ቀድሞ ከሄደ አካሏ ክፍል ውስጥ ብዙ አይቆይም። ታላቅ እህቷ የላከችው ብር ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ እያየች «ተማሪ» ማለት ብቻ አያሳምናትም።

እዚሁ ክልላችን ውስጥ የተሞከረ ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቀው ሞሰቦ የተጀመረው የብርሃነ ሔዋን ፕሮግራም ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች ፍየል ሰጠ፤ ደብተርና እርሳስ አቀረበ፤ ልጃገረዶቹን በቡድን አገናኘ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ከሌላው አካባቢ እኩዮቻቸው ይልቅ ትምህርት ቤት ቆዩ፤ ጋብቻቸውም ዘገየ። ውድ ነገር አልተጠየቀም። ቤተሰቡ ልጅቷን በማስተማሩ የሚያጣው ነገር እንዳለ ታውቆ፣ ያ ነገር በመጠኑ ተክሶለታል።

ሌላው የመቅረት ምክንያት ጤና ነው። በሐይቅ አካባቢ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሆድ ትላትልና ቢልሃርዚያ አግኝተዋል። በኬንያ ቡሲያ ለተማሪዎች የትላትል መድኃኒት ሲሰጥ መቅረት በሩብ ያህል እንደቀነሰ ታይቷል። በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. በትምህርት ቤት መድኃኒቱን የመስጠት አገር አቀፍ ፕሮግራም ተጀምሯል።

ከሁሉም በላይ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያቆየው ግን ምግብ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ምግብ ማቅረብ ከጀመረ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ በ2008ቱ ድርቅም ምግቡ ለተጎዱ ወረዳዎች ተማሪዎች ደርሷል። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በራሷ በጀት ተማሪዎቿን እየመገበች፣ የደንብ ልብስና ደብተር እያቀረበች ነው፤ ከተማዋን እንደ አርአያ ብንወስዳት ተገቢ ነው። በገጠሩ ግን የመጣው ምግብ በአብዛኛው የአደጋ ጊዜ ነበር። ድርቁ ሲታወጅ ድስቱ ይጣዳል፣ ዝናቡ ሲመለስ ይወርዳል። ልጁ ግን በደህናውም ዓመት በሰኔ ይርበዋል፤ ጎተራ የሚጎድለው ያኔ ነውና። መንደሩ የቆሎ ተማሪን ያበላ ከነበረ፣ የራሱን ልጅ በአንድ ጭልፋ ንፍሮ ማቆየት የሚያቅተው አይመስለኝም፤ ማገዶና ውኃ ከወላጅ፣ እህል ከመኸር መዋጮና ከመንግሥት።

ያለፉት ዓመታት ይህን ሁሉ አከበዱት። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሌለበት ቤት ያለ ልጅ ወራት ሙሉ ፊደል ሳያይ ቆየ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት በውጫሌና በሐይቅ በኩል ወደ ደሴ አለፈ፤ ደሴና ኮምቦልቻ በመንግሥት ኃይሎች እጅ መልሰው የገቡት ኅዳር 27 ነበር። በዞኑ ብዙ ትምህርት ቤት ወንበሩን፣ መጽሐፉን፣ ሰነዱን አጣ። ስም መጥሪያ መዝገቡ የጠፋበት ትምህርት ቤት ማን እንደቀረ እንኳ ሊያውቅ አይችልም። በተሁለደሬ ጃሪ መጠለያ ደግሞ ከሌላ ክልል ተፈናቅለው የመጡ ልጆች አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት የመምህሩንም የተማሪውንም መንገድ ዘጋ፤ በ2017 የትምህርት ዘመን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ለማስተማር አቅዶ ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ሳይመጡ ቀርተዋል። ይህ ቁጥር ከትምህርት ጉዳይ አልፏል። መሣሪያ የያዘ ማንኛውም ወገን ትምህርት ቤትን ከግጭቱ እንዲያወጣ መጠየቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።

የትምህርት ቤቱ በር ክፍት በሆነበት ቀበሌ ግን የሚሠራ ሥራ አለ። የወላጅ መምህር ሕብረት ከገበሬው ጋር ተቀምጦ የአካባቢውን የወፍ ጥበቃና የአጨዳ ሳምንታት ይለይ፤ የዕረፍቱና የፈረቃው ሰዓት ከዚያ ጋር ይጣጣም፤ ወይም ጎረቤታሞች ወፍ ጠባቂውን በወንፈል ይቀያየሩ። ሦስት ቀን ተከታትሎ የቀረን ልጅ ቤት መምህሩ ወይም የሕብረቱ አባል ይሂድ፤ አንድ ወር ከቆየ በኋላ መሄድ ዘግይቷል። ከቀሪነት ለተመለሰ ልጅ ያመለጡትን ፊደሎች የሚያስይዝ የአንድ ሰዓት ትምህርት ይኑር፤ ከፍ ያለ ክፍል ተማሪም ሊያደርገው ይችላል። ወረዳውም ከመስከረሙ ቁጥር ጎን የኅዳርንና የየካቲትን የተገኝነት ቁጥር ይጠይቅ። አዲስ አበባም፣ ጅዳም፣ ዋሽንግተንም ያላችሁ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች፣ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ልትልኩ ያሰባችሁት ነገር ካለ ከበር ቀለምና ከሰሌዳ በፊት ርዕሰ መምህሩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ በዚህ ወር ስንት ልጅ ቀረባችሁ፣ ምን ቢኖር ይመጣ ነበር? መልሱን ሰምታችሁ ለእሱ አዋጡ።