የዜጎች ገምጋሚ ቡድን፦ ለተዘጋው መዝገብ የተከፈተ መስኮት

በዩናይትድ ስቴትስ የሕፃናት ጥበቃ አገልግሎት የሚባለው፣ ሕፃናት ተጎድተዋል ወይም ተገቢውን እንክብካቤ ተነፍገዋል የሚል ጥቆማ ተቀብሎ የሚያጣራ፣ አደጋው ከባድ ሆኖ ሲያገኘውም ልጁን ከወላጆቹ ለይቶ በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር በአሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ የሚያስቀምጥ የመንግሥት አካል ሲሆን፣ እንደ ካሊፎርኒያና ሚኒሶታ ባሉ ግዛቶች ሥራው የሚከናወነው በየካውንቲው ነው። ልጅን ከእናቱ እቅፍ ለመውሰድ የሚያስችለው ይህ ከባድ ሥልጣን እንዴት እንደተሠራበት የሚመዘገብባቸው ሰነዶች በአመዛኙ ለሕዝብ ዝግ ናቸው።

የመዘጋታቸው ምክንያት ተገቢ ነው። ሕፃናትን ከጥቃት ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለግዛቶች ገንዘብ ሲሰጥ መዝገቦቹ በምስጢር እንዲያዙ ያስገደደው፣ በልጁ ላይ የደረሰው በደል የመንደር ወሬ ሆኖ ዳግመኛ እንዳይጎዳው ነው። ነገር ግን ለልጁ የተበጀው ከለላ ጥቆማ ደርሶት በቸልታ ያለፈውን፣ እንዲሁም ያለበቂ ምክንያት ቤተሰብ የበተነውን ቢሮ ጭምር ሸሸገ። በኅዳር 1995 ኒውዮርክ ውስጥ፣ አስቀድሞ ስለ ደኅንነቷ ተደጋጋሚ ጥቆማ ቀርቦላት የነበረች የስድስት ዓመት ልጅ ተደብድባ ስትሞት፣ የከተማዋ ባለሥልጣናት የምስጢር ሕጉን ጠቅሰው ምን እንደተደረገ ከመናገር ተቆጠቡ፤ የሕዝቡ ቁጣም እንዲህ ባሉ ጉዳዮች መረጃ መግለጽን የሚፈቅድ የግዛት ሕግ በ1996 እንዲወጣ አደረገ።

በዚያው ዓመት የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ የዜጎች ገምጋሚ ቡድን የተባለውን አሠራር አስገባ። ይህም በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ ነዋሪዎች ቢያንስ በየሦስት ወሩ እየተሰበሰቡ የቢሮውን መመሪያና አሠራር፣ አስፈላጊ ሲሆንም የተናጠል መዝገቦችን የሚመረምሩበት ጉባኤ ነው። አነስተኛ ድጎማ ከሚያገኙት በስተቀር እያንዳንዱ ግዛት ቢያንስ ሦስት ቡድን ማቋቋም ሲኖርበት፣ አባላቱም የልጁንም ሆነ የቤተሰቡን ማንነት እንዳይገልጹ ተከልክለው፣ ያዩትን የአሠራር ጉድለት ግን በየዓመቱ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሪፖርት ያቀርባሉ። የአሠራሩ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ የልጁ ስም ተሸፍኖ የቢሮው ሥራ ይገለጣል።

በ2003 በተደረገው ማሻሻያ መሥሪያ ቤቱ ለቡድኑ ምክረ ሐሳብ በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ተደንግጓል። ምክሩን እንዲፈጽም የሚያስገድደው ግን የለም፤ ስለሆነም ሪፖርቱን የሚያነብና መልሱን የሚከታተል ጋዜጠኛ፣ የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ወይም ወላጅ ከሌለ ልፋቱ ከመደርደሪያ አይዘልም።

ቡድኑ የአካባቢውን ማኅበረሰብ በሰፊው እንዲወክል ሕጉ መጠየቁ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሚኒሶታ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ትልቅ ትርጉም አለው፤ ያለብቁ አስተርጓሚ የተደረገ ምርመራ ምን እንደሳተ ፈጥኖ የሚያስተውለው የቤቱን ቋንቋና የልጅ አስተዳደግ የሚያውቅ አባል ነውና።