በግዛት ጠረፍ ስላሉ ከዋክብትና ስለ ወለድ ሒሳባቸው

በሳይንስ ልብ ወለድ መጻሕፍት ዘንድ አንድ የተለመደ አሳብ አለ። ይኸውም እልፍ ከዋክብትን በአንድ ዙፋን ሥር የሚያስተዳድር መንግሥት መኖሩና በዳር የቀሩት ከዋክብት ጠረፍ ተብለው መቈጠራቸው ነው። አይዛክ አሲሞቭ እ.ኤ.አ. በ1951 በመጽሐፍ መልክ በወጣው «ፋውንዴሽን» ውስጥ ዋናውን ከተማ ትራንቶርን በጋላክሲው መካከል አጠገብ፣ ተርሚነስ የምትባለውን ትንሽ ዓለም ደግሞ በመጨረሻው ዳር አስቀምጧል። የንጉሠ ነገሥቱ ኀይል እየደከመ ሲሄድ በተርሚነስ ዙሪያ ያለው ግዛት አራት መንግሥታት ሆኖ ይገነጠላል።

ርእሱን የሰሙ ጓደኞቼ ሥራ ፈት ብለውኛል። ይሁን እንጂ በከዋክብት መካከል ጠረፍ የሚባል ነገር በእርግጥ ሊኖር ይችላልን ብሎ መጠየቅ ሥራ መፍታት አይመስለኝም። ጥያቄው የፊዚክስ ብቻ ሳይሆን የሒሳብ መዝገብም ጭምር ነውና።

ያለንበት ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንክ ፎቆች የበዙበት ሠፈር ቢሆንም ስሙ የሰንጋ ገበያን ያስታውሳል። ከሩቅ አገር ሰንጋ እየነዳ የሚመጣ ነጋዴ፣ መንገድን የሚለካው በርቀቱ ሳይሆን በሚፈጀው ቀን ነው። በመንገድ በዋለ ቍጥር ከብቱ ይከሳል፤ ተበድሮም እንደሆነ ዕዳው ያድጋል።

ይህ ነገር በእውነተኛ ጠረፍ ላይ እንዴት እንደሚታይ ጋምቤላ ጥሩ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የሚወርደው ቡና በጋምቤላ በእንፋሎት መርከብ እየተጫነ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። መርከቡ ግን የሚደርሰው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ውሃው ከጐደለ በኋላ ቡናውን ይዞ የደረሰ ነጋዴ እስከሚመጣው ክረምት ይቀመጣል፤ ገንዘቡም አብሮት ይቀመጣል። እንግዲህ ለዚህ ነጋዴ ጠረፉን ጠረፍ ያደረገው ካርታው ሳይሆን መጠበቁ ነው። (ጣቢያው ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል።)

አሁን ከባሮ ዳር ወደ ሰማይ እንውጣ፤ በዚያም ቡና አለና። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2019 እ.ኤ.አ. ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፈለክ ስም እንዲያወጣ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤች ዲ 16175 የተባለው ኮከብ ሲሆን «ቡና» ተባለ፤ ፈለኩም «አቦል» ተባለ። ሌላ ፈለክ ቢገኝ ቶናና በረካ ተራቸውን ይጠብቃሉ ማለት ነው። ኮከቡ የሚገኘው በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው፤ አንድሮሜዳም በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት፤ ምንም እንኳ ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ቢሆን። ቡና በባዶ ዓይን አይታይም፤ በመነጽር ግን ይታያል። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ፣ በረዘመ ሞላላ መንገድ በ2 ዓመት ከ9 ወር ገደማ አንድ ጊዜ የሚዞር ፈለክ ነው። ርቀቱ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ነው።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ በቃላችን አጥንተን ነበር። ያን ጊዜ ያስደነቀኝ ፍጥነቱ ነበር፤ አሁን የሚያስደንቀኝ ግን መዘግየቱ ነው። ዛሬ ከቡና የሚደርሰን ብርሃን ኮከቡን የለቀቀው በእኛ ዘመነ መሳፍንት ነው። በአቦል አንድ አገረ ገዥ ቢሾምና ለጥያቄው መልስ ቢፈልግ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የላከው ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው በእኛ ዘመን ይሆናል።

ስለ ንግዱ ደግሞ የተጻፈ ነገር አለ። ኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. በኤኮኖሚ ትምህርት የኖቤል ሽልማት ያገኘው ፖል ክሩግማን፣ በ1978 ገና ወጣት መምህር ሳለ ስለ ከዋክብት ንግድ ግማሽ ቀልድ ግማሽ ቁም ነገር የሆነ ጽሑፍ አዘጋጀ። በመጽሔት የታተመው ከ32 ዓመት በኋላ በ2010 ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አይንስታይን እንዳሳየው በብርሃን ፍጥነት አጠገብ በሚበር መርከብ ውስጥ ሰዓት ይዘገያል። እንግዲያው በጕዞ ላይ ላለ ዕቃ ወለድ የሚቈጠረው በማን ሰዓት ነው? በመርከበኛው ነው ወይስ በባንኩ?

በአኃዝ እንየው። 100 ብር የሚያወጣ ቡና ከብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ በሚበር መርከብ ወደ አቦል ይጫን። ወለዱ በዓመት 5 በመቶ ይሁን። በምድር ሰዓት ጕዞው 202 ዓመት ይፈጃል፤ በመርከበኛው ሰዓት ግን 28 ዓመት ተኩል ብቻ ነው። በመርከበኛው ሰዓት ብናሰላ ቡናው 400 ብር ገደማ ቢሸጥ ወጪውን ይመልሳል፤ በምድር ሰዓት ብናሰላ ግን 1.9 ሚሊዮን ብር ገደማ መሸጥ አለበት። ክሩግማን ትክክሉ ሁለተኛው ነው ይላል። ምክንያቱም የቡናው ባለቤት ያን 100 ብር በምድር ባንክ ቢያስቀምጠው ኖሮ የሚያድገው በምድር ሰዓት ነው፤ የመርከበኛው ወጣት ሆኖ መድረስ ለባንኩ ምንም አይደለም። ይህን ሒሳብ ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠርቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ላይ አላመንሁትም ነበርና።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ጠረፍ የሚባል በከዋክብት መካከል አይኖርም ማለት ችኰላ ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ፕሮክሲማ ሴንቶሪ የተባለው ኮከብ 4.24 የብርሃን ዓመት ብቻ ይርቃል። በዚያው መርከብና በዚያው ወለድ የ100 ብሩ ቡና በዚያ 123 ብር ቢሸጥ ይበቃል። ይህ ውሃው የጐደለበት የጋምቤላ ነጋዴ ጥቂት ክረምት እንደመጠበቅ ነው፤ ከባድ ነው፣ ግን የማይቻል አይደለም። ስለዚህ ግዛት ያለ ፈጣን መንገድ ሊዘረጋ የሚችለው በጥቂት የብርሃን ዓመት ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ከዋክብት በስም እንጂ በግብር አይገዛም።

አሲሞቭ ይህን ችግር ሳያውቀው አልቀረም። መርከቦቹ ከጠፈር ውጭ እየዘለሉ ከብርሃን ቀድመው እንዲደርሱ አድርጓል፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ታሪኩ ባልተጀመረም ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ግን፣ ይህን ያህል ፈጣን መንገድ ሰጥቷቸውም ጠረፎቹ መገንጠላቸው ነው። ተርሚነስም የዳነችው በጦር ብዛት አይደለም፤ ጎረቤቶቿ ሊሠሩት የማይችሉትን የአቶም ዕቃ በነጋዴዎቿ እጅ በመላኳ ነው።

ወደ አቦልም አንድ ነገር እንላክ ብንል፣ ወለዱን የሚችለው ኵንታል ቡና አይደለም፤ ክብደት የሌለውና ወጪው ትንሽ የሆነው የአቈላሉ መመሪያ ነው። እርሱም ዛሬ በራዲዮ ቢላክ የሚደርሰው ከ2200 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው።