ስፓይና ቪኦኦ፦ የአንድ መጋዘን ሁለት ደረሰኞች

በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና ወይም ሰሊጥ የሚያቀርብ ሰው ጆንያ ተሸክሞ ገዢ ፍለጋ አይዞርም። ምርቱ መጋዘን ገብቶ፣ ተመዝኖ፣ ደረጃ ከወጣለት በኋላ በእጁ የሚቀረው ደረሰኝ ነው። ጆንያው ካለበት ንቅንቅ ሳይል ባለቤቱ ይለወጣል።

ዛሬ አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በጡረታ ቁጠባቸው ውስጥ የሚይዙት ኢቲኤፍ የተባለው ፈንድም የተፀነሰው ከዚሁ ሐሳብ ነው። ናታን ሞስት በአሜሪካን ስቶክ ኤክስቼንጅ ይሠራ የነበረ፣ ዕድሜው ሰባዎቹን የያዘ ሰው ነው። ቀደም ሲል በሸቀጥ ንግድ ውስጥ ስለቆየ የመጋዘን ደረሰኝ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ያውቃል። አክሲዮኖችም በአንድ ቦታ ተቀምጠው ደረሰኛቸው ቀኑን ሙሉ ቢገበያይ ምን ይከለክላል ብሎ አሰበ። በእርሱና በባልደረቦቹ ጥረት፣ ከስቴት ስትሪት ባንክ ጋር፣ በጃንዋሪ 1993 እ.ኤ.አ. ስፓይ የተባለው ኢቲኤፍ ገበያ ወጣ። በውስጡ ያለው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው ዝርዝር ነው፤ 500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ እያንዳንዱ በገበያ ዋጋው መጠን ተመዝኖ።

ሞስት ሐሳቡን ይዞ አስቀድሞ ያንኳኳው የቫንጋርድን በር ነበር። የቫንጋርድ መሥራች ጆን ቦግል በ1976 ይህንኑ ዝርዝር የሚከተል የጋራ ፈንድ ለተራው ሰው ያቀረበ ነው። ቦግል እንቢ አለ። ሰው ገንዘቡን አስቀምጦ እንዲረሳው እንጂ ጠዋት ገዝቶ ከሰዓት እንዲሸጥ አይፈልግም ነበር። ቫንጋርድ ይህንኑ ዝርዝር የሚከተለውን የራሱን ኢቲኤፍ፣ ቪኦኦን፣ ያወጣው በ2010 ነው፤ ቦግል ከሥራ አስፈጻሚነት ከወረደ ከዓመታት በኋላ። እኔ የቦግል ስጋት ትክክል ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ሁለቱን ፈንዶች ለመለየትም ከዚያ ስጋት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

በውስጣቸው ያለው ያው ነው። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ትርፍ አስተያይቶ የበለጠውን መምረጥ ጊዜ ማባከን ነው። የአንዱ ድርሻ ዋጋ ከሌላው ዝቅ ማለቱም ርካሽ አያደርገውም፤ ሙሉውን ዳቦ በስንት ቆራሽ እንደከፈሉት ብቻ ነው የሚነግረን። ሁለቱንም መግዛት ደግሞ ገንዘብን በሁለት ቅርጫት ማስቀመጥ የሚመስላቸው አሉ። ቅርጫቱ አንድ ነው።

ልዩነቱ በመጀመሪያ ክፍያው ላይ ነው። ስፓይ በዓመት 0.0945 በመቶ፣ ቪኦኦ 0.03 በመቶ ይወስዳሉ። ይህን ክፍያ የሚጠይቅ ወረቀት ቤት አይመጣም፤ ከፈንዱ ውስጥ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚቀነስ ብዙ ሰው መክፈሉን እንኳ አያውቅም። በ10,000 ዶላር ላይ ሲሰላ በዓመት 9 ዶላር ከ45 ሳንቲም እና 3 ዶላር ነው። ለአንድ ዓመት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን 100,000 ዶላር ለ30 ዓመት ቢቀመጥ፣ ገበያውም በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ ብለን ብናሰላ፣ በመጨረሻ ልዩነቱ ከ14,000 ዶላር ያልፋል። የተከፈለችው ሳንቲም ብቻ ሳትሆን፣ ሳንቲሟ ተቀምጣ ልትወልድ የምትችለውም አብሮ ስለሚሄድ ነው።

ቀጥሎ የፈንዱ አወቃቀር ራሱ። ስፓይ በቀደመ የአደራ ውል የተሠራ በመሆኑ ከኩባንያዎቹ የሚሰበስበውን የትርፍ ድርሻ መልሶ አክሲዮን ሊገዛበት አይችልም፤ በየሦስት ወሩ እስኪያከፋፍል በጥሬ ገንዘብ ይይዘዋል። ቪኦኦ ይህ ገደብ የለበትም። የስፓይ ውል ማብቂያ ቀን እንዲኖረው ስላስፈለገ፣ ዕድሜው በዚያን ዘመን ከተወለዱ 11 ልጆች ሕይወት ጋር ታስሯል። ከእነርሱ የመጨረሻው ካረፈ 20 ዓመት ሲሞላ፣ ወይም በጃንዋሪ 22 ቀን 2118፣ ከሁለቱ በቀደመው ይዘጋል።

ታዲያ ስፓይን ማን ይገዛዋል? ነጋዴዎች። በቀን ውስጥ የሚገበያየው ብዛት ግዙፍ ነው፤ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፤ የኦፕሽን፣ ማለትም በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት፣ ገበያውም ተወዳዳሪ የለውም። በሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ከሰዓት ለሚሸጥ ድርጅት ከዓመታዊው ክፍያ ይልቅ ይህ ይበልጥበታል። ከደመወዙ በየወሩ 300 ዶላር ለሚያስቀምጥ የዋሽንግተን ታክሲ ሾፌር ግን ይህ ሁሉ አይፈይደውም፤ ለእርሱ ቪኦኦ ይሻላል ብዬ ያለ ማመንታት እናገራለሁ። ብዙዎችም እንደዚያው ያሰቡ ይመስላል፤ በፌብሩዋሪ 2025 ቪኦኦ በያዘው የገንዘብ መጠን ስፓይን በልጦታል።

ዱባይ ወይም ኩዌት ለምትሠራ፣ የአሜሪካ ዜግነትም ግሪን ካርድም ለሌላት እህታችን ጥያቄው ሌላ ነው። ሁለቱም ፈንዶች በአሜሪካ የተመዘገቡ ስለሆኑ ከትርፍ ድርሻዋ 30 በመቶ ግብር ይቆረጣል። ብትሞት ደግሞ አሜሪካ ያላት እንዲህ ያለ ሀብት ከ60,000 ዶላር ካለፈ ወራሾቿን የውርስ ግብር ይጠብቃቸዋል። ይህንኑ ዝርዝር የሚከተሉ፣ አየርላንድ የተመዘገቡ ፈንዶች አሉ፤ በእነርሱ ውስጥ የትርፍ ድርሻው ግብር 15 በመቶ ነው፤ የአሜሪካው የውርስ ግብርም አይደርስባቸውም። እርሷ ስፓይን ከቪኦኦ ከማመዛዘኗ በፊት መጋዘኑ የት አገር እንደተመዘገበ ብትጠይቅ ይበጃታል።